ጠፋ ስለተባለው ስዊች እና በፈቃዷ ወጣች ስለተባለችው አዋላጅ

ለተከበሩ የምንጭ በር ጤና ኮሌጅ ዲን
በጽሕፈት ቤትዎ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤና፣ እንዲሁም የማኅተምዎን ጤና በትሕትና እጠይቃለሁ። ማኅተሙን መጨመሬ ያለ ነገር አይደለም። ባለፉት ሦስት ወራት ከመሥሪያ ቤትዎ የወጡት መልሶች ሁሉ ምክንያት ሲያንሳቸው ማኅተም ግን አላነሳቸውም፤ ከሥራው ብዛት የተነሣ እንዳይደክምብዎ ሠግቻለሁ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ የኮሌጅዎን ደረጃ ለመውጣት እንደ ቀድሞው አይታዘዘኝም፤ ስለዚህ የሚቀጥለውን ጉዞ በወረቀት ላደርገው፣ ወረቀቱንም ከሚዛን እስከ ቴፒ ያለ አንባቢ ሁሉ እንዲያየው ግልጽ ላደርገው ወሰንሁ።

ስሜ የሺሃረግ ወልደየስ ነው። ጡረታ እስከወጣሁ ድረስ ሚዛን ተፈሪ ላይ ሒሳብ አስተምሬያለሁ፤ ከኮሌጅዎ ሹማምንት መካከልም ማባዛትን ከእኔ የተማሩ አሉ፤ እንዳላሳፍራቸው ስማቸውን አልጠቅስም። እኔ በተማርሁበት አዳሪ ትምህርት ቤት መልሱን ብቻ ጽፎ ያቀረበ ተማሪ፣ መልሱ ልክ ቢሆን እንኳ ተንበርክኮ ይውል ነበር፤ መልሱ የተገኘበትን መንገድ ማሳየት ግዴታ ነበርና። እኔም አቤቱታዬን መንገዱን እያሳየሁ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አቤቱታዬ ስለ ንጋቷ ከፈለኝ ነው። ንጋቷ የጌጫ ልጅ ናት፤ አባቷ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ እርሷም የአዋላጅነት ትምህርቷን በእርስዎ ኮሌጅ ስትከታተል ከቤቴ ጀርባ ባለችው ክፍል ትኖር ነበር። በትውልድ አካባቢዋ ያለው ጤና ጣቢያ የነበረችው አዋላጅ ከሄደችበት ወዲህ፣ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ወደ ሌላ ከተማ ስለምትወሰድ፣ ቦታውን እስከ ሐምሌ መጨረሻ ለንጋቷ ይዞላት ነበር። የቀራት የማጠቃለያ ፈተናዋን ወስዳ ማስረጃዋን ይዛ መሄድ ብቻ ነበር። ፈተናው ሰኔ 28 ቀን በኮሌጅዎ አዳራሽ በኮምፒውተር ተሰጠ። ዛሬ በመዝገብዎ ላይ በስሟ ትይዩ «ፈተናውን በፈቃዷ ጥላ ወጣች» የሚል ሰፍሯል። በራስዎ ደንብ መሠረት ፈተና የተቋረጠበት ተማሪ በሳምንቱ ይፈተናል፤ በፈቃዱ ጥሎ የወጣ ግን ዓመቱን ይደግማል። እኔ የምከራከረው ንጋቷ ጥላ አልወጣችም ብዬ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ የለኝም።

አንደኛ፤ ምስጋና። ኮሌጅዎ ባለፈው ዓመት ሁለት ትልልቅ ስዊቾች ገዝቶ ሲያስመርቅ እኔም እንደ አገር ሽማግሌ ተጋብዤ ነበር። ሪባን ተቆረጠ፤ እርስዎም ስለ ነገው ካምፓስ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ያልገባኝን ነገር ማጨብጨብ ስላልለመድሁ፣ የኮሌጁን የኔትወርክ ባለሙያ ወይዘሪት ሐፍሳ ሬድዋንን በረንዳዬ ላይ አስቀምጬ ነገሩን በሚገባኝ አማርኛ እንድታስረዳኝ ለመንኋት። የነገረችኝን እዚህ የምጽፈው አንባቢም እንዲከተለኝ ነው፤ ለእርስዎማ ገዢው ስለሆኑ አያስፈልግዎትም።

ስዊች የግቢው የኮምፒውተር ገመዶች ሁሉ መጥተው የሚሰኩበት ጠፍጣፋ የብረት ሣጥን ነው። ተራው ስዊች ገመድን ከገመድ ያገናኛል፤ በዚህ ይበቃዋል። እርስዎ የገዙት ግን ውስጡ ባለው ሶፍትዌር አንዱን ሣጥን እንደ ብዙ ሆኖ ሊያሠራው ይችላል። የፈተናው አዳራሽ፣ የተማሪዎች ማደሪያ፣ የሒሳብ ክፍሉና የእንግዳ ማረፊያው ገመዶች ጎን ለጎን ተሰክተው ሳሉ አንዱ የሌላውን እንዳይሰማ በማይታይ ግድግዳ ይለያቸዋል። ምናባዊ ኔትወርክ የሚሉት ይህንን ነው። ደግሞም በተቃራኒው፣ ሁለቱን ሣጥኖች በአጭር ገመድ አጣምሮ እንደ አንድ ያሠራቸዋል፤ ስማቸው አንድ፣ አድራሻቸው አንድ፣ ትእዛዙም ግድግዳውም አንድ ጊዜ ተጽፎ ለሁለቱም ይሆናል። ሌላም ጥበብ አለው። ኮምፒውተር ሁሉ ሲከፈት «ቁጥሬ ስንት ነው?» ብሎ በኔትወርኩ ላይ ይጠይቃል፤ ቁጥር እንዲያድል የተሾመ አንድ ማሽን አለ። ሌላ ያልተሾመ ዕቃ ዘሎ ልመልስ ቢል ስዊቹ አፉን ይዘጋዋል፤ በክፍል ውስጥ ስም የሚጠራው አለቃው ብቻ እንደሆነ ማለት ነው።

ሐፍሳ ይህን ሁሉ አሰናድታው ነበር። የማይታይ ግድግዳ መኖሩ በግቢው በተሰማ ጊዜ እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ ከበታቹ ጋር በአንድ ኔትወርክ መዋል እንደማይመጥነው አስታውቆ የራሱን እንደጠየቀ፣ የእርስዎ ጽሕፈት ቤትም ለክብሩ ሁለት እንደተመደበለት ነግራኛለች። ይህን አልነቅፍም። መሣሪያው ለሹመት ቅደም ተከተል እንኳ የሚበቃ ጉልበት እንደነበረው ያሳያል።

ሁለተኛ፤ ስለ ቆጠራው። በሰኔ ወር የበጀት ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት ዕቃ ሁሉ እንደሚቆጠር ጡረተኛም ብሆን አውቃለሁ። በአቶ ኃይለጊዮርጊስ የሚመራው የቆጠራ ኮሚቴ ስዊቾቹ ካሉበት ክፍል ሲደርስ በሩ ተቆልፎ አገኘው፤ ቁልፍ ያዡ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ለለቅሶ ማጂ ሄዶ ነበር። ሌላ ኮሚቴ ቢሆን ቀብሩ እስኪፈጸም ይጠብቅ ነበር። የእርስዎ ኮሚቴ ግን ዘመናዊ ስለሆነ ሐፍሳ ጠረጴዛ ዘንድ ሄዶ ከስክሪኑ ላይ ቆጠረ። የተገዛው ሁለት ነው፤ በስክሪኑ ላይ የታየው አንድ ስም ነው፤ ስለዚህ አንዱ ጠፍቷል ተባለ።

ሐፍሳ ሁለቱ ተጣምረው እንደ አንድ እንደሚሠሩ አስረዳች። ኃይለጊዮርጊስ የተረዳ አልመሰላትም መሰለኝ፣ ወደ እርሻ በሬዎች ምሳሌ ዞረች።

«ጋሼ፣ ሁለት በሬ ጠምደው ሲያርሱ ከሩቅ ያየ ሰው አንድ ጥማድ ይላል እንጂ አንድ በሬ ጠፋ ይላል?»

«በሬ የንብረት ቁጥር የለውም፣ እቴ» አላት። «ስክሪኑ አንድ ካለ አንድ ነው።»

ለስክሪን ያለውን አክብሮት አደንቃለሁ። በቃለ ጉባኤው ላይ አንድ ስዊች መጥፋቱ ተጻፈ፤ የኮሚቴው አባላት በሙሉ ፈረሙ፤ ማኅተም ተደረገበት።

ሦስተኛ፤ ስለ እርማቱ። በማግስቱ ቁልፍ ያዡ ከለቅሶ ተመለሰ፤ በሩ ተከፈተ፤ ሁለቱ ሣጥኖች ከነመብራታቸው አንዱ በአንዱ ላይ ተቀምጠው ተገኙ። እኔ አስተምራቸው የነበሩት የአራተኛ ክፍል ልጆች ቢሆኑ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ነገር ግን ቃለ ጉባኤውን ለማረም ኮሚቴውን እንደገና መጥራት፣ እንደገና ማስፈረምና አንድ ሰው መሳሳቱን ማመን ያስፈልግ ነበር። መሣሪያውን ለማረም ግን አንድ አጭር ገመድ መንቀል ይበቃል። ስለዚህ ስክሪኑ ሁለት እንዲያሳይና የጠፋው ተገኘ ተብሎ እንዲመዘገብ፣ ስዊቾቹ እንዲለያዩ ታዘዘ።

ሐፍሳ አይሆንም አለች። ቢያንስ ፈተናው እስኪያልፍ እንዲታገሡ በጽሑፍ ለመነች፤ ለእርስዎም ግልባጭ አድርጋለች። መልሱ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል የሚል ነበር። ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ከንብረት ክፍል ሰዎች መጥተው ገመዱን ነቀሉ። ሁለቱ ሣጥኖች ከተለያዩም በኋላ አንዱን ስም ይዘው ስላስቸገሩ፣ ሁለተኛው የራሱ ስም እንዲኖረው ውስጡ ያለው ትእዛዝ በሙሉ ተደመሰሰ። ያን ጊዜ በስክሪኑ ላይ ሁለት ስም ታየ። እንደሰማሁት ተጨብጭቧል።

አራተኛ፤ ስለ ፈተናው ቀን። በአዳራሹ በመስኮት በኩል ያሉት ወንበሮችና የማደሪያው ግማሽ ገመዳቸው የተሰካው በዚህ በተደመሰሰው ሣጥን ላይ ነው። ከትእዛዙ ጋር ግድግዳውም፣ ያልተሾመውን አፍ የሚዘጋውም ጥበብ ጠፍቷል። በማደሪያው አንድ ተማሪ ኳስ በስልኩ ለማየት ከሱቅ ገዝቶ የሰካት ትንሽ የዋይፋይ ዕቃ ነበረች። የአዳራሹ ኮምፒውተሮች ቁጥራቸውን ሊያድሱ ሲጠይቁ ከተሾመው ማሽን ቀድማ መለሰችላቸው። ፈተና ላይ ያሉ ልጆች ቁጥራቸውን ከመኝታ ቤት ተቀበሉ፤ ፈተናው ወዳለበት ማሽን የሚወስደው መንገድም ተዘጋባቸው።

ንጋቷ ከግማሽ በላይ ሠርታ ነበር። ስክሪኗ ነጣ። እጇን አወጣች። ተቆጣጣሪው መምህር ታገሺ አላት፤ ታገሠች። ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ግንብ በኩል የተቀመጡት፣ ገመዳቸው በመጀመሪያው ስዊች ላይ የነበረው፣ ጨርሰው እየወጡ እርሷና በመስኮት በኩል ያሉት ጓደኞቿ እጃቸውን እያወጡ እያወረዱ ተቀመጡ፤ ሰዓቱ አልቋል ተብሎ አዳራሹ እስኪዘጋ ድረስ ማለት ነው። የፈተናው ማሽን ደግሞ የሚያውቀው ሁለት ዓይነት ተማሪ ነው፤ የጨረሰና ጥሎ የወጣ። ስለዚህ ጥለው ወጡ ብሎ መዘገባቸው። ማሽኑን አልወቅሰውም፤ አዳራሹ ውስጥ አልነበረምና። ተቆጣጣሪው ግን ነበር። ያየውን እንዲመሰክር ስጠይቀው ኮምፒውተሩ ከመዘገበ እርሱ ምን እንደሚያገባው መልሶ ጠየቀኝ።

በዚያን ቀን ማታ ንጋቷ ምሳም እራትም ሳትበላ ደጄ ላይ ቆማ የነገረችኝ አንድ ነገር ነው። «እትዬ፣ እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም።» ብዙ ተማሪ አስተምሬያለሁ፤ የሚዋሽ ልጅ ነገር ያበዛል።

አምስተኛ፤ ስለ መልስዎ። ተማሪዎቹ ላቀረቡት ማመልከቻ የተሰጠውን መልስ በተደጋጋሚ አንብቤዋለሁ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። አመልካቾች ፈተናችን ተቋረጠ ያሉት በሁለተኛው ስዊች ምክንያት ነው። ሁለተኛው ስዊች በንብረት መዝገብ ላይ ተገኘ ተብሎ የሰፈረው ሰኔ 30 ቀን ነው። ፈተናው የተሰጠው ሰኔ 28 ቀን ነው። በዕለቱ ጠፍቶ የነበረ ዕቃ የማንንም ፈተና ሊያቋርጥ ስለማይችል ማመልከቻው ተቀባይነት የለውም።

ክቡር ሆይ፣ ይህን የጻፈው ሰው ተማሪዬ ቢሆን ኖሮ ለመንገዱ ሙሉ ነጥብ በሰጠሁት ነበር። እያንዳንዱ እርምጃ ከፊተኛው በትክክል ይከተላል፤ ስርዝ ድልዝ የለበትም። በዚያ ወረቀት ላይ የሌለች አንዲት ልጅ ብቻ ናት።

ስድስተኛ፤ ስለ ጉብኝቶቼ። ወደ ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ። ጸሐፊዎ በጣም ትሑት ናት፤ ሁልጊዜ «ማዘር፣ ስብሰባ ላይ ናቸው» ትለኛለች፤ ወንበርም ትስብልኛለች። በሦስተኛው ቀን መኪናዎ ውስጥ ሲገቡ ደረስሁብዎ። ጉዳዩን ጀመርሁልዎ፤ እርስዎም በእናትነት ማዕረግ ጠርተው «እማማ፣ ይሄ የቴክኖሎጂ ነገር ነው፤ እርስዎ አይጨነቁበት» አሉኝ። ልጅቱ ወንበሯ ላይ እንደነበረች ለማወቅ ዓይን እንጂ ቴክኖሎጂ እንደማያስፈልግ ልነግርዎ አፌን ስከፍት መስታወቱ ወደ ላይ ወጣ። ጥሩ መኪና ነው። ድምፅ አያስገባም።

ሰባተኛ፤ ስለ ሐፍሳ። በአንድ ቀን ሁለት ደብዳቤ ከጽሕፈት ቤትዎ ወጣ። አንዱ ለሐፍሳ ነው፤ በእጇ ያለ ንብረት ለጊዜውም ቢሆን በመጥፋቱ የተሰጠ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ሌላው ለአቶ ኃይለጊዮርጊስ ኮሚቴ ነው፤ የጠፋውን ንብረት በማግኘቱ የተሰጠ የምስጋና ወረቀት። ሐፍሳ ሥራዋን ለቅቃ ወላጆቿ ወዳሉበት ወራቤ ሄዳለች። ልትሰናበተኝ ስትመጣ የተደመሰሰውን ግድግዳ መልሶ ማቆም የግማሽ ቀን ሥራ እንደነበረ፣ ነገር ግን የክፍሉን ቁልፍ ከዚያ ወዲህ እንደከለከሏት ነገረችኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ሁለተኛው ስዊች ባዶውን ይበራል ይላሉ። በመዝገብ ግን አለ።

ስምንተኛ ቁጥር ላይ ልጽፍ ያሰብሁትን ትቼዋለሁ፤ ስለ ልጅቱ አባት ነበር፤ እርሱም በእኔ ደብዳቤ ላይ ስሙ ከዚህ በላይ እንዲነሣ አይወድም።

እንግዲህ ሐምሌ አለፈ። ጤና ጣቢያው እስከ መጨረሻው ቀን ጠብቆ የያዘውን ቦታ ለቀቀ፤ ቅጥሩ ለሌላ ወረዳ ተላልፏል፤ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ስልክ ደውሎ እያዘነ ነግሮናል። ቃሬዛው ሥራውን ይቀጥላል። በመስኮት በኩል ከነበሩት ተማሪዎች ቤታቸው ከተማ ያለው ዓመቱን ለመድገም ተመዝግበዋል። ንጋቷ ነሐሴን በሙሉ ከቤቴ ጀርባ ባለችው ክፍል ደብተሯን ዘርግታ ተቀመጠች፤ ለየትኛው ፈተና እንደምታጠና አልጠየቅኋትም። አሁን ቡናው መቅላት ጀምሯል፤ ከጌጫ ወርደው ወደ ቴፒ ለለቀማ የሚሄዱ ዘመዶች አሏት፤ ከእነርሱ ጋር መሄድ እንደምትችል በቀስታ አሳውቃኛለች። እጇ ለዚያም ይሆናል። በልምምድ ጊዜ ያዋለደቻቸው ሴቶች ግን ስለዚያ እጅ ሌላ ነገር ይሉ ነበር።

የምለምንዎት በመዝገቡ ላይ የሆነው እንዲጻፍ ነው፤ ፈተናው እንደተቋረጠባት። ይህን በማድረግዎ የሚያጡት ነገር ቢኖር አንድ ቃለ ጉባኤ ነው። እንደማያደርጉት አውቃለሁ። ጥያቄው ሳይቀርብ ቀረ እንዳይባል ብቻ አቅርቤዋለሁ፤ መልስ ይመጣል ብዬ በር በሩን አላይም። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው በር በሩን የሚያይበት ሌላ ምክንያት አለው።

ለኮሌጅዎ ቆጣሪዎች ጤና፣ ለስክሪኖችዎ ጥራት፣ ለመዝገብ ቤትዎም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፤ በማኅተምዎ ስፋትና በመኪናዎ መስታወት ፍጥነት ዘወትር የምደነቅ፣ በደረጃዎ ግርጌ ቆሜ እጅ የምነሣዎ፣

የሺሃረግ ወልደየስ
የቀድሞ የሒሳብ መምህርት
ሚዛን ተፈሪ፣ መስከረም 24 ቀን

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ንጋቷ ያለፉትን ዓመታት የትምህርት ማስረጃ እንኳ ይዛ ልትሄድ መዝገብ ቤትዎ ሄዳ ነበር። ማስረጃው የሚሰጣት «ፈተናውን በፈቃዴ ጥዬ መውጣቴን አረጋግጣለሁ» በሚለው ወረቀት ላይ ከፈረመች ብቻ እንደሆነ ተነገራት። ወረቀቱን ይዛ ወደ ቤት መጣች፤ ሳይፈረምበት አንድ ሌሊት ጠረጴዛዬ ላይ አደረ። ትናንት ጠዋት አባቷ ሻንጣዋን ሊሸከም ከጌጫ ደርሶ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቃት፣ ብዕር ከእኔ ተቀብላ በእርጋታና በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሙሉ ስሟን ጻፈች። ስለዚህ ክቡርነትዎ ከእንግዲህ አይቸገሩ። መዝገብዎ ትክክል ሆኗል፤ ውሸት የሆነው ይህ ደብዳቤ ብቻ ነው።